ካሮቱን አትመን፣ ብርዱን እመን

ወንድሜ፣ «በጦርነት ጊዜ የታተሙ የተዋጊ አብራሪዎች መጻሕፍት ይታመናሉ ወይስ ፕሮፓጋንዳ ናቸው?» ብለህ ጠይቀሃል። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ አሮጌ የጦርነት መጽሐፍ ስለቃቅም ዓመታት ስላለፉኝ፣ ከተሸወድኩበት ልጀምርልህ።

ተማሪ ሳለሁ የእንግሊዙ የሌሊት አብራሪ ጆን ካኒንግሃም በጨለማ የጀርመን ቦምብ ጣይ የሚለየው ካሮት ስለሚበላ ነው የሚል አነበብኩ። አመንኩ! እናቴ ከጓሮ የነቀለችውን ጥሬውን ስቆረጥም ከረምኩ። ለካስ አውሮፕላኑ ላይ ራዳር፣ በጨለማ ሌላ አውሮፕላን በሬዲዮ ሞገድ የሚያገኝ መሣሪያ፣ ተገጥሞለት ኖሯል፤ ወሬው የተነዛው ጀርመኖች እንዳይነቁ ነው። በዚያ ሰዓት የሚጽፍ ሰው ደግሞ ምስጢሩን ቢያውቅ እንኳ ሳንሱሩ አያሳልፍለትም።

ቁጥሩንማ ተወው። በፈረንጆቹ (ዓመቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 እንግሊዞች 185 የጀርመን አውሮፕላን ጣልን አሉ። በኋላ የጀርመኖቹ መዝገብ ሲታይ 60 ገደማ ነው። ሁሉም ዋሽቶ ግን አይደለም፤ ሦስት ሰው አንዷ ላይ ይተኩሳል፣ እያጨሰች ደመና ውስጥ ትገባለች፣ ሦስቱም ወርደው «የእኔ ናት» ብለው ያስመዘግባሉ። መንዝ ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ ጠላ በደገሙ ቁጥር የጣሉት ጣሊያን ይጨምራል፣ አብረዋቸው የዘመቱት ጎረቤታችን ደግሞ ያንኑ ጣሊያን ለራሳቸው ይቆጥሩታል። ዋሾ ያላቸው የለም፣ ፉከራ ነዋ። ብቻ የእሳቸውን ፉከራ መንግሥት አሳትሞ አልቸበቸበውም።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዝነኛ ተዋጊ አብራሪ፣ የጀርመኑ ሪሽትሆፈን እንኳ በ1917 በስሙ የወጣውን መጽሐፍ ቆይቶ ሲያየው ድፍረቱና ጉራው አልጣመውም።

የእኛን ነገር ካነሳን፣ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ተዋጊ ሳይሆን ቦምብ ጣይ ነበር የሚያበረው። በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ቦምቡ ፈረሰኞቻችን መሃል ሲፈነዳ እንደ ጽጌረዳ ሲፈካ አየሁ ብሎ ጽፏል። ያን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ሊኮራበት የጻፈው ግን ማስረጃ ሆነበት። ስለዚህ ወገንተኛ ነው ብለህ አትጣለው፣ አንዳንዴ እውነቱን የሚያወጣው ጉራው ነው።

እኔ አብራሪው እጁ በብርድ ደርቆ መሪውን መጨበጥ እንዳቃተው፣ ሞተሩ እንዳሳለበት፣ ማታ እራት ላይ የጓደኛው ወንበር ባዶ እንደሆነ ሲጽፍ አምነዋለሁ። ጠላት ሁሉ ፈሪ ነው ሲል ገጹን እገልጣለሁ። ከተቻለ የዚያኑ ቀን ውጊያ ከወዲያኛው ወገን የጻፈ ፈልግ። ካጣህ የታተመበትን ዓመት እይ፤ ከ1945 በፊት ከሆነ ቁጥሩን በእርሳስ ለሦስት እያካፈልክ አንብብ።