ላብራቶሪ ምሪ ለተባለችው እህታችን

«የመንግሥት የምርምር ላብራቶሪ እንድመራ ተጠይቄያለሁ፤ ብቀበል ሳይንሱ ከእጄ ይወጣል ብዬ ፈራሁ» ላልሽው እህቴ፣ እኔም በዚህ ጥያቄ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። በመጨረሻ ተቀበልኩ፤ ዘጠኝ ዓመት መራሁ።

መጀመሪያ የከበደኝ ወረቀቱ ነው። ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የሚፈረም ተከምሮ ይጠብቀኛል። እኔ ደግሞ ትቼው ወደ ሙከራዬ እሮጣለሁ። አንድ ሰኞ በሩን ስንከፍት ወለሉ ውሃ ሆኗል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መሆን የነበረበት ፍሪዘር ቅዳሜና እሁድን ቆሞ ከርሟል። ሣጥኖቹ ርሰው በእስክሪብቶ የተጻፈባቸው ቁጥር ፈስሷል። የአንዲት ወጣት ተመራማሪ የሦስት ዓመት ናሙና ነበር። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ብርሃን ላይ ታያቸው ነበር። የፍሪዘሩ የጥገና ውል እድሳት እኔ ጠረጴዛ ላይ ሳይፈረም ሁለት ወር ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ፊርማን ከሳይንስ ለይቼ አላየሁም።

ስለዚህ ግዥን እንደ ሙከራ ፕሮቶኮል፣ ማለትም እንደ ሙከራው የአሠራር ቅደም ተከተል፣ አጥኚው። ለሙከራ የምንገዛው ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) የአገልግሎት ጊዜ አለው፤ ግዥው ከተጓተተ ቀኑ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ይደርስሻል። ጨረታው ላይ «ሲረከብ ቢያንስ ይህን ያህል ወር የቀረው» የሚል አስገቢ። እኔ ይህን ያወቅሁት ስንት ዕቃ ከተጣለ በኋላ ነው።

ለራስሽ ደግሞ አንድ ጠዋት ያዢ። የኔ ሐሙስ ነበር፤ ስብሰባ አይያዝብኝም። ጋውኔን ለብሼ ከልጆቹ ጋር እሠራለሁ። የትኛው ማሽን እንዳስቸገረ የምሰማው እዚያ ነው፤ ሪፖርት ላይ አይጻፍም።

ስብሰባ ላይ ብቸኛዋ ሴት ስትሆኚ ቃለ ጉባኤ ያዢልን ይሉሻል። ሁለቴ ያዝኩ። በሦስተኛው «በየተራ እናድርገው» አልኩ፤ ማንም አልተቃወመም።

መንገዱ አለ። የህንዷ ዶክተር ናላታምቢ ካላይሴልቪ በአንድ የመንግሥት የኤሌክትሮኬሚስትሪ ምርምር ተቋም ከጀማሪ ተመራማሪነት ተነስተው፣ የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲመራመሩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ያንኑ ተቋም መሩ። በ2022 ደግሞ የአገሪቱን የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት በዋና ዳይሬክተርነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

እና ተቀበዪ። ግን ስትረከቢ ከወንበሩ በፊት የጥገና ውሎቹን ዝርዝር ጠይቂ። የፍሪዘሩ ውል መቼ እንደሚያበቃ በመጀመሪያው ቀን እዪው።