ከሱፐር ቦውል እስከ ሴፕቴምበር፦ ስለ ኤንኤፍኤል የእረፍት ወራት ለጠየቃችሁኝ

የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የሆነው የኤንኤፍኤል ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውል፣ ሲያልቅ «እንግዲህ እስከ ሴፕቴምበር ምን እናያለን?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ይህን ጊዜ የምጠብቀው ከጨዋታው እኩል ነው። ቡድን የሚሠራው በእነዚህ ወራት ነው። ቀኖቹ በየዓመቱ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ስለሚሉ በ2025ቱ መርሐ ግብር ላስረዳችሁ። ወሩ በፈረንጅ፣ ሰዓቱ በሐበሻ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ፍሪ ኤጀንሲ መቼ ነው የሚከፈተው? ገና ሳይከፈት «እገሌ እዚህ ክለብ ገባ» ይባላል። ግራ ገባኝ።

ሁለት የተለያዩ መክፈቻ ቀኖች ስላሉ ነው። የሊጉ አዲስ ዓመት የገባው ማርች 12፣ በዋሽንግተን ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ውሉ ያለቀ ተጫዋች (ፍሪ ኤጀንት) ከሌላ ክለብ ጋር መፈረም የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው። ክለቦች ከወኪሎች ጋር እንዲደራደሩ የተፈቀደው ግን ከማርች 10 ቀን 6 ሰዓት ጀምሮ ነው። የምትሰማው ወሬ የሚወጣው በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። ስምምነቱ የቃል ብቻ ስለሆነ ሊፈርስ ይችላል። በ2019 አንቶኒ ባር ከጄትስ ጋር ተስማማ ከተባለ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ቀድሞ ክለቡ ወደ ቫይኪንግስ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ ሀብታም ክለብ ለምን ሁሉንም ኮከብ አይሰበስብም? እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ማለቴ ነው።

የደሞዝ ጣሪያ አለ። በ1994 ሲጀመር 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025 ለእያንዳንዱ ክለብ 279.2 ሚሊዮን ደርሷል። ማርች 12 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ 32ቱም ክለቦች ከጣሪያው በታች መሆን አለባቸው። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ነባር ተጫዋቾች የሚሰናበቱት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ስለ ስንብት ሲወራ ጁን 1 ለምን እንደሚነሳም በዚህ ይገባችኋል። አንድ ተጫዋች ለአራት ዓመት ሲፈርም 20 ሚሊዮን የፊርማ ገንዘብ በእጁ ተቀበለ እንበል። በክለቡ ሒሳብ ላይ በየዓመቱ 5 ሚሊዮን እየሆነ ይመዘገባል። ሁለት ዓመት ተጫውቶ ቢሰናበት የቀረው 10 ሚሊዮን ባንድ ጊዜ ይወድቅባቸዋል። ከጁን 1 በኋላ ካሰናበቱት ግን 5ቱ በዚያው ዓመት፣ 5ቱ በሚቀጥለው ይቆጠራል። ክለቡ ትንሽ ይተነፍሳል።

ጥያቄ፦ ፍራንቻይዝ ታግስ?

ክለቡ ውሉ ያለቀን አንድ ተጫዋች ለአንድ ዓመት በውድ ደሞዝ የሚያቆይበት መንገድ ነው። ጊዜው ከፌብሩዋሪ 18 እስከ ማርች 4 ነበር። ታግ የተደረገ ተጫዋች ረጅም ውል መፈረም የሚችለው እስከ ጁላይ አጋማሽ ነው። ሲንሲናቲ ቲ ሂጊንስን ሁለት ዓመት በተከታታይ ታግ አድርጎት በመጨረሻ የአራት ዓመት፣ የ115 ሚሊዮን ውል ሰጠው። ተጫዋቾች ታጉን አይወዱትም፣ እኔም እፈርድላቸዋለሁ። ጉልበትህ ቢሰበር ለሚቀጥለው ዓመት ዋስትና የለህም።

ጥያቄ፦ ኮምባይን ማየት ዋጋ አለው?

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሚደረግ የኮሌጅ ልጆች ፈተና ነው። ሩጫው ደስ ይላል። ዛቪየር ወርዚ በ2024 40 ያርድን በ4.21 ሰከንድ ሮጦ ሪከርዱን ሰብሯል። እኔ ግን ትልቁ ነገር ካሜራ የማያሳየው ይመስለኛል፤ የሐኪም ምርመራውና ከአሰልጣኞች ጋር የሚደረገው ቃለ መጠይቅ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ድራፍቱን በቀጥታ ለማየት ስንት ሰዓት ልነሳ?

ድራፍት ማለት ክለቦች አዳዲስ የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ነው። የ2025ቱ ከኤፕሪል 24 እስከ 26 ግሪን ቤይ ላይ ነበር። ሰባት ዙር፣ 257 ምርጫ። የመጀመሪያው ምሽት አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀምራል፣ ሁለተኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ሦስተኛው ቀን ግን ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። እኔን ከሰማህኝ ሁለቱን ሌሊት ተኛና ቅዳሜን እይ።

አብዛኛው ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ምሽት ነው። ቴነሲ ካም ዋርድን አንደኛ መረጠ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ቅዳሜ ግን ስማቸው ያልተጠራ ልጆች ቤታቸው ከቤተሰብ ጋር ተቀምጠው ስልክ የሚጠብቁበት ቀን ነው። ሸዱር ሳንደርስ እዚያ ድረስ ጠብቆ በ144ኛው ምርጫ ክሊቭላንድ ወሰደው። ቶም ብሬዲ በ2000 የተመረጠው 199ኛ ነው። ብሮክ ፐርዲ ደግሞ በ2022 የመጨረሻው፣ 262ኛው ነበር፤ በሜይ 2025 የአምስት ዓመት የ265 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። እንዲህ ያለው ልጅ ሲጠራ ማየት ለኔ ከአንደኛው ምርጫ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ድራፍቱ ወደኛ ወደ ዲሲ ይመጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው! የ2027ቱ ዋሽንግተን መሃል ባለው ሰፊ ሜዳ፣ ናሽናል ሞል ላይ እንደሚደረግ በሜይ 2025 ተነግሯል። በ2024 ዲትሮይት ላይ በሦስት ቀን ከ775,000 በላይ ሰው ወጥቷል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ መኪናችሁን ቤት ትታችሁ በሜትሮ ኑ።

ጥያቄ፦ የሕግ ለውጥስ መቼ ነው የሚወሰነው?

በማርቹና በሜዩ የባለቤቶች ስብሰባ። ከ32ቱ 24 ድምፅ ያስፈልጋል። ፊላዴልፊያ ኳርተርባኩን (ጨዋታውን የሚመራውን ተጫዋች) ከኋላ እየገፋ የሚያስገባበትን ጨዋታ ለመከልከል በሜይ 2025 22 ክለቦች ደገፉ፣ 10 ተቃወሙ። ጨዋታው በሁለት ድምፅ ተረፈ።

ጥያቄ፦ ሜይና ጁን ላይስ?

ሜይ አጋማሽ ላይ የጨዋታ ፕሮግራሙ ይወጣል። ልምምዱ በፈቃደኝነት ነው፤ ግዴታው የጁኑ አጭር ካምፕ ብቻ ነው። ከዚያ እስከ ጁላይ መጨረሻ ጭር ይላል።

ጥያቄ፦ ወንድም ዓለም፣ የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ይጫወታል። ድራፍት ላይ ካልተመረጠ አበቃለት ማለት ነው?

አላበቃም፣ እህቴ። ድራፍቱ እንዳለቀ ክለቦች ላልተመረጡት መደወል ይጀምራሉ። ለካምፕ እስከ 90 ሰው ይይዛሉ። ከባዱ ቀን በ2025 ኦገስት 26 ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት 90ው ወደ 53 መውረድ አለበት። በሊጉ ሁሉ ወደ 1,200 የሚጠጋ ሰው ማለት ነው። ጠዋት አንድ የክለቡ ሠራተኛ መጥቶ «አሰልጣኙ ይፈልግሃል፣ የጨዋታ መጽሐፍህን ያዝ» ይላል። ዛሬ መጽሐፉ ታብሌት ሆኗል፣ ትርጉሙ ግን ያው ነው፦ ተሰናብተሃል።

የተሰናበተውን ልጅ ግን ሌላ ክለብ እስከ ማግስቱ 6 ሰዓት ሊወስደው ይችላል። ያ ካልሆነ እያንዳንዱ ክለብ 16 ሰው የሚይዝ የልምምድ ቡድን አለው። ከርት ዋርነር አልተመረጠም፣ በ1994 ግሪን ቤይ አሰናበተው፣ አዮዋ ውስጥ ሱፐርማርኬት ዕቃ ሲደረድር ቆየ። በኋላ ከራምስ ጋር ሱፐር ቦውል በላ። ልጁ ከተሰናበተ በማግስቱ ከሰዓት ስልኩን እንዳያጠፋ ንገሪው። የልምምድ ቡድኑ ጥሪ የሚመጣው ያኔ ነው።