የአሮጌ መኪና የፊት መብራት ለምን ይደክማል? ጥያቄና መልስ

በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ክረምት ሲገባ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «መብራቴ ደክሟል፣ ጉልበት ያለው አምፖል ፈልግልኝ»። አብዛኛውን ጊዜ ግን አምፖሉ ጥፋት የለበትም። ዛሬ ስለ ፊት መብራት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፣ በተራ እመልሳለሁ። የመኪናውን ዓይነትና ሞዴል፣ ድክመቱ በአንድ በኩል ይሁን በሁለቱም ብትነግሩኝ ይቀልለኛል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የያዝኩት ኮሮላ ዲኤክስ ነው፣ ድሮ ታክሲ የነበረ። መብራቱ እንደ ኩራዝ ነው። አምፖል ሁለቴ ቀየርኩለት፣ ለውጥ የለም። ባለ 100 ዋት ብገጥምለትስ?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልኝ። ባለ 100ውን ተወው፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

የዲኤክስ መብራት ፊቱ መስታወት ስለሆነ እንደ አዲሶቹ ፕላስቲክ አይደበዝዝም። ያረጀው ሽቦው ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ተነስቶ በፊውዝ፣ በማብሪያው፣ በየሶኬቱ አልፎ ነው አምፖሉ ጋ የሚደርሰው። አርባ ዓመት የቆየ ሶኬት ዝጓል፤ እያንዳንዱ የዛገ መጋጠሚያ ትንሽ ትንሽ ቮልት ይበላል። ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ እኩል አይቀንስም። ቮልቱ 10 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይጎድላል። ቢጫ ሆኖ የሚታይህ ለዚህ ነው።

ባለ 100 ዋት ስትገጥምበት በዚያው በደከመው ሽቦ 5 አምፔር ይሄድ የነበረው ከ8 በላይ ይሆናል። ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። እንዲህ የተደረገለት መኪና መሪው ሥር ያለው ማብሪያ ቀልጦ፣ ጭስ ሞልቶት ተጎትቶ መጥቶልኛል፤ ባለቤቱ ልጆቹን ይዞ እየሄደ ነበር። እባክህ አታድርገው።

መጀመሪያ ለካ። ሞተሩን አስነሳ፣ አጭር መብራት አብራ። በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ባትሪው ላይ ስትለካ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ማግኘት አለብህ። ከዚያ ሶኬቱ ከአምፖሉ ሳይነቀል፣ ከኋላው በኩል የአጭሩ መብራት ሁለት እግሮች ላይ ለካ። በሁለቱ ልኬት መካከል ያለው ልዩነት መንገድ ላይ የተበላው ነው። ውጤቱን ንገረኝ።

ጥያቄ፦ የእኔ ኮሮላ የግራው ብቻ ነው የደከመው። ረጅም ሳበራ ጭራሽ ይብስበታል።

መልስ፦ አንድ በኩል ብቻ ከሆነ በዚያ በኩል ያለውን ሶኬትና የነጌቲቭ ሽቦ ተመልከት። ሶኬቱ ውስጥ የጠቆረ ወይም የላላ እግር ካለ ሶኬቱን ቀይር። ነጌቲቩ ቦዲ ላይ የታሰረበትን ብሎን ፍታ፣ ዝገቱንም ቀለሙንም ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው፣ አጥብቀህ እሰር፣ ላዩን ግራሶ ቀባ። ብዙ ጊዜ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ መብራት ሚኒሞ ላይ ይደክማል፣ ነዳጅ ስሰጥ ይደምቃል።

መልስ፦ የኃይል ምንጩን ነው የምታየው። ባትሪውን የሚሞላው የዲናሞው ቺንጋ ላልቶ ይሆናል፣ ወይም የዲናሞው ካርቦን አልቋል። የባትሪ ተርሚናሎቹን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውኃ አጥበህ አጥብቃቸው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13 ቮልት በታች ከሆነ ዲናሞውን አስፈትሽ። ያ ሳይስተካከል መብራቱን አትንካው።

ጥያቄ፦ የዲኤክሱ ልጅ ነኝ፣ ለካሁት። ባትሪው ላይ 14.1፣ አምፖሉ ጋ 11.6 አገኘሁ።

መልስ፦ ጎበዝ! ሁለት ተኩል ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የእነዚህ አምፖሎች ብርሃን የሚለካው በ13.2 ቮልት ነው፤ አንተ ከብርሃኑ ከሲሶ በላይ እያጣህ ነው። አምፖል ሦስተኛ ጊዜ ብትቀይርም ያው ነው።

መድኃኒቱ ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ማብሪያ ማለት ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ አውጣ፣ ባትሪው አጠገብ ባለ 20 አምፔር ፊውዝ አድርግበት፣ በሪሌው አልፎ ቀጥታ አምፖሉ ጋ ይድረስ። አንድ ሪሌ ለአጭሩ፣ አንድ ለረጅሙ። ሪሌው ላይ 30 ከባትሪ የሚገባው፣ 87 ወደ አምፖሉ የሚወጣው ነው፤ አሮጌው ሽቦ ከ85 እና 86 ጋር ይገናኛል፣ ሥራው ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ይሆናል። ለነጌቲቩም አዲስ ወፍራም ሽቦ ስጠው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ብዙ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ማብሪያው የሚቆርጠው ነጌቲቩን ነው፤ ፖዘቲቩ ሁልጊዜ አምፖሉ ጋ አለ። ይህን ያላየ ባለሙያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሪሌ እንደመጣ ይገጥምና «አልሠራም» ይላል። ሽቦ ከመቁረጥህ በፊት ሶኬቱን ነቅለህ የትኛው እግር ላይ ፖዘቲቭ እንዳለ አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ እኔ 2003 ሞዴል ቪትዝ ነው የምነዳው። የመብራቱ ፕላስቲክ ቢጫ ሆኗል። በጥርስ ሳሙና ይጸዳል ይላሉ፣ ሌላው ደግሞ በቤንዚን እሺው ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ቤንዚኑን አታስነኪው። ፕላስቲኩ ፖሊካርቦኔት ነው፤ ቤንዚን ሲነካው በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። የጥርስ ሳሙና ላዩን ትንሽ ይፍቀዋል፣ ለጥቂት ሳምንት ያምራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይደበዝዛል።

ፕላስቲኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ከፀሐይ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ያንን ሽፋን ትበላዋለች። ስለዚህ የሞተውን ሽፋን አንስቶ አዲስ መቀባት ነው ያለው። ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይጫር በቴፕ ሸፍኚ። በውኃ እየነከርሽ መጀመሪያ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ1500፣ ከዚያ በ2000 ፈግፍጊው። የቀደመው ቁጥር ጭረት ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ አትለፊ፣ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፖሊሽ አጥሪው። ሲደርቅ ከፀሐይ የሚከላከል ክሊር (ቀለም የሌለው ቫርኒሽ) ይቀባ፤ ቀለም ቀቢ ጋ ብትወስጂው ያሳምረዋል። ክሊሩ ካልተቀባ በጥቂት ወራት ቢጫው ይመለሳል።

አምፖሉ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ ከጠቆረ ወይም ከተላጠ ግን ላዩን ማጽዳት አይበቃም። በጨርቅም አትጥረጊው፣ ብርማው ሽፋን በጣም ስስ ስለሆነ አብሮ ይነሳል። መብራቱ ሙሉ ለሙሉ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ የእኔም ቪትዝ ነው፣ መብራቱ ንጹሕ ነው፣ አምፖሉም አዲስ። ግን ማታ የቀኙ የመንገድ ዳር አይታየኝም፣ ከፊት የሚመጡት ደግሞ መብራት እያበሩ ይሳደባሉ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ አውሮፓ ያሪስ ብሎ ያውቀዋል። ጃፓን በግራ ነው የሚነዳው። እኛ ዘንድ ያሉ ብዙ ቪትዞች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ነው። መሪው ሲዛወር መብራቱ ግን ብዙ ጊዜ የጃፓኑ እንደሆነ ይቀራል።

አጭር መብራት ሁለቱን ጎን እኩል አያበራም። ከፊት የሚመጣው ባለበት በኩል ዝቅ ይላል፣ በራስህ የመንገድ ዳር በኩል ከፍ ብሎ እግረኛውን እንድታይ ያደርጋል። የጃፓኑ ከፍ የሚለው ወደ ግራ ነው። እኛ መንገድ ላይ ግራ ማለት ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ነው። ጨለማ የቀረው የቀኙ ዳር ደግሞ ሰው የሚሄድበት፣ አህያና ጋሪ የሚነዳበት ነው። ማታ ከከተማ ወጣ ብሎ የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እኔን የሚያሳስበኝም ከቅሬታው ይልቅ ዳር ዳሩን የሚሄደው ሰው ነው።

ለማረጋገጥ ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀህ ቁም፣ አጭር መብራት አብራ። የብርሃኑ ጠርዝ ወደ ግራ ከፍ ካለ የጃፓን ነው። ብሎኑን አዙሮ ዝቅ ማድረግ አይፈታውም፣ ቀኙን የባሰ ያጨልመዋል። በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተመረተውን የመጀመሪያውን ያሪስ መብራት ፈልግ። ሶማሌ ተራ ስትሄድ የራስህን ፈትተህ ይዘህ ሂድ፤ የብሎን ቦታውንና ሶኬቱን ጎን ለጎን አስተያይ። ፊቱ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» ምልክት ካለ ከሥሩ ቀስት ፈልግ፦ መብራቱን ፊት ለፊት ስታየው ወደ ቀኝህ ብቻ የሚያመለክት ቀስት ካለው በግራ ለሚነዳ ነው፣ አትግዛው። ቀስት ከሌለው ለእኛ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ኤልኢዲ ብናስገባበትስ? ነጭ ነው፣ ያምራል።

መልስ፦ እኔ አልመክርም። የመብራቱ አንጸባራቂ የተሠራው ለሃሎጅን አምፖሏ ቀጭን ሽቦ ቦታ ነው፤ ብርሃኑ ከዚያ ትንሽ ሲዛነፍ የሚወድቀው ሌላ ቦታ ነው። ከመኪናው ፊት ለፊት ያለው አስፋልት ይነጣል፣ ሹፌሩ ደስ ይለዋል፣ ሩቁ ግን ጨለማ ነው፤ ከፊት የሚመጣውም ይታወራል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ የተበተነው ብርሃን ከጉሙ ተመልሶ ራስህ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሰማያዊ የተቀባ ሃሎጅንም ያው ነው፣ ቀለሙ ብርሃን ያጣራል እንጂ አይጨምርም። ጥራት ያለው ባለ 60/55 ዋት ጥርት ያለ አምፖል፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይር፣ ብልቃጡን በእጅህ አትንካው።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲዘንብ መብራቴ ውስጥ ውኃ ይቋጠራል።

መልስ፦ ፈትተህ አድርቀው፣ የኋላውን ጎማ ሽፋን ተመልከት፣ የተሰነጠቀውን ጠርዝ ድፈን። እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አትጠቀም፣ እንፋሎቱ አንጸባራቂውን ይጎዳል። የአየር መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን አትድፈናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ሁሉንም አስተካክለውልኝ መብራቱ ሰማይ ሰማይ ያያል።

መልስ፦ አባቴ፣ አቅጣጫው ሳይስተካከል ቀርቶ ነው። የጎማው ንፋስ ልክ ይሁን፣ እርስዎ መሪው ላይ ይቀመጡ፣ ከኋላ ዕቃ አይኑር። ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀው ይቁሙ። ከመሬት እስከ መብራቱ መሃል ያለውን ቁመት ለክተው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያስምሩ። የአጭሩ መብራት ጠርዝ ከዚያ መስመር 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ማስተካከያው ብሎን ከመብራቱ ጀርባ ነው፤ አንዱን በጨርቅ ሸፍነው ሌላውን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ይቀያይሩ። ማየቱን እርስዎ ያድርጉ፣ ብሎኑን ልጅ ያዙርልዎት።