«ደራሲዋ ሞታለች» እየተባለ የተሸጠው መጽሐፌ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

በራሴ ገንዘብ ያሳተምኩት የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ከማተሚያ ቤት ከወጣ ወዲህ፣ ከመጻፉ ይልቅ ማስተዋወቁ ነው ላቤን ያንጠፈጠፈው። የምረቃው ዕለት የክብር እንግዳችን ስለ ወጣትነት ዘመናቸው ሲያወጉ መሸ፤ መጽሐፉ የተነሣው አዳራሹ ሊዘጋ ሲል ነው። አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያም ጋብዞኝ ነበር። ጋዜጠኛው ሽፋኑ ላይ የተሳለውን የሸክላ ድስት አይቶ የምግብ ዝግጅት መጽሐፍ መስሎት ኖሮ፣ በቀጥታ ሥርጭት «እስቲ ስለ ሽሮ አሠራር ንገሪን» አለኝ። ዝም ማለት ነውር ስለመሰለኝ የእናቴን ሽሮ ከቁሌቱ እስከ መከለሻው አስረዳሁ። አድማጮች ስልኩን አጨናነቁት፤ ስለ መጽሐፉ የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም።

ከሁሉ የገረመኝ አራት ኪሎ ላይ ያጋጠመኝ ነው። አንድ መጽሐፍ አዟሪ ቁልሉን ታቅፎ መጣና የገዛ መጽሐፌን ከመካከል መዝዞ «እኅቴ፣ ይህን ያዢው፤ ደራሲዋ ሞታለች፣ ሁለተኛ አይታተምም» አለኝ። ደንግጬ ቀረሁ። አጠገቤ የቆመ ወጣት ከንፈሩን መጥጦ ወዲያው ገዛው።

ጓደኞቼ «ፎቶሽን በየዕለቱ ፌስቡክ ላይ ልቀቂ፣ ጣቢያዎቹን ደጅ ጥኚ» ይሉኛል። የምጠይቅዎት ይህን ነው፤ ሰው ሳልለምን መጽሐፌን ከአንባቢ ጋር እንዴት ላገናኘው?

ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እኅቴ፣ ጽፎ፣ አሳትሞ፣ ሥራዬን እዩልኝ የሚል ሰው ልመና ላይ አይደለም። ይህን ከልብሽ አውጪው።

አስቀድመሽ ወደዚያ አዟሪ ሂጂ። አትቆጪው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየመታው ከካፌ ካፌ የሚዞር ሰው፣ ስለ መጽሐፍሽ የሚናገረው ቢያጣ ነው ሞትሽን ያወጀው። ማንነትሽን ንገሪው፤ ሻይ ጋብዢውና ከታሪኮቹ የምትወጂውን አንዱን አንብቢለት። ነገ ለገዢ የሚነግረው እውነተኛ ነገር ይኖረዋል። ሐሰቱ ግን መቆም አለበት፤ ያ ወጣት ከንፈሩን የመጠጠው ላልደረሰ ሐዘን ነው።

በፎቶው ጉዳይ ከጓደኞችሽ ጋር አልስማማም። መልክሽን ያየ ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ያልፋል፤ ጥሩ አንቀጽ ያነበበ ግን ቀጣዩን ይፈልጋል። በፎቶው ፈንታ አንድ ገጽ ልቀቂ፤ ታሪኩ የሚከርርበት ቦታ ላይ ቁረጪና ከሥሩ መጽሐፉ የሚገኝበትን መደብርና ዋጋውን ጻፊ።

ሬዲዮንም አትቀየሚ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ጭምር ያወቁት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ነው። አድማጩን የያዘው የደራሲው ዝና ሳይሆን፣ ገጸ ባሕርያቱ በወጋየሁ ድምፅ ነፍስ መዝራታቸው ይመስለኛል። ያንቺንም ሽሮ ሰምቶ ስልክ የደወለ ሕዝብ የተሳበው በአተራረክሽ ነው ብዬ አምናለሁ። የእናትሽን ማድቤት ባየር ላይ ማሳየት ከቻልሽ፣ ገጸ ባሕርያትሽንም ማሳየት አያቅትሽም።

ስለዚህ ወደዚያው ጋዜጠኛ ደውዪ። ጥያቄ አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል ብለሽ አትሂጂ። የመጽሐፉን ጭብጥ በግማሽ ገጽ ጽፈሽ አስቀድመሽ ላኪለት፤ በ5 ደቂቃ የሚያልቅ ክፍል ምረጪና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እያነበብሽ ተለማመጂ። ለቀጣዩ መጽሐፍሽ ምረቃም የክብር እንግዳው ንግግር ከሚያደርጉ ይልቅ ከመጽሐፉ እንዲያነቡልሽ ጠይቂያቸው፤ ገጹን ምልክት አድርገሽ ከሳምንት በፊት ስጪያቸው።