«አዎ» ብለው «አይደለም» ማለታቸው ሲሆን

ጥያቄ፦ አባታችን 62 ዓመታቸው ነው፤ ደሴ ፒያሳ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ከ3 ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ዛለ፤ ቃልም ጠፋባቸው። ሶላት ላይ ፋቲሓን ሳይሳሳቱ ይቀራሉ፤ ሲጠማቸው ግን «ውሃ» ማለት ያቅታቸዋል። ወንድሜ «ሆን ብለው ነው» ይላል። ጠያቂ ሲመጣ እኛ ስንመልስላቸው ይቆጣሉ፣ አንዳንዴም ያለቅሳሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሆን ብለው አይደለም፤ ወንድምዎ ግራ ቢጋባ ግን አይፈረድበትም። የብዙ ሰው ቋንቋ የሚመራው በግራ አንጎል ነው፤ ቀኝ እጅና እግርን የሚያዘውም እሱው ነው። ቀኝ ጎናቸውና ንግግራቸው አብረው የተጎዱት ለዚህ ነው። ይህን የቃል መጥፋት ሐኪሞች አፌዚያ ይሉታል። ፋቲሓ፣ ሰላምታ፣ ቁጥር ከልጅነት በቃል የተያዙ ስለሆኑ ሳይፈለጉ ይወርዳሉ። «ውሃ» ለማለት ግን ቃሉን ፈልጎ፣ ድምፁን ገጣጥሞ ማውጣት ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ የመረመረው ሰው የሚባለውን ይረዳ ነበር፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» የሚል ድምፅ ነበር። ሲናደድ ብቻ እርግማን ያመልጠው ነበር።

ጆሯቸው ደህና ከሆነ አይጩሁባቸው። ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ አንድ አጭር ነገር ይጠይቁና 10 ሴኮንድ ዝም ይበሉ። በልብዎ ይቁጠሩት፤ በጨዋታ መሃል 10 ሴኮንድ ረጅም ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉ ከንፈራቸው ላይ ሲደርስ ቀምቶ ይጨርስላቸዋል።

«ምን ላምጣልዎት?» ከማለት ውሃውንና ሻዩን አንስተው ያሳዩአቸው፤ በግራ እጃቸው ይጠቁሙ። «አዎ» እና «አይደለም» ይለዋወጡባቸዋል። ስለዚህ የገንዘብና የመድኃኒት ጥያቄ ሲሆን ገልብጠው ይድገሙት፦ «ሱቁ ይከራይ?» ቀጥሎ «ሱቁ ሳይከራይ ይቆይ?» ለሁለቱም «አዎ» ካሉ ገና መልስ አላገኙም፤ አረፍ ብለው ሌላ ጊዜ ይጠይቁ። እስክሪብቶ መስጠት ብዙ ጊዜ አይረዳም፤ መጻፍም አብሮ ይጎዳል።

የንግግር ልምምዱን 15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያድርጉት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ማድከም ያስመርራል። «ሰኞ፣ ማክሰኞ…» ብለው ጀምረው ያስጨርሷቸው። ከዚያ በየቀኑ የሚፈልጓቸውን አምስት ቃላት ብቻ ይያዙ፦ ውሃ፣ ሽንት፣ በረደኝ፣ በቃ፣ የእናታችሁ ስም። ቃሉን በዜማ እየጎተቱ፣ በየፊደሉ ግራ እጃቸውን መታ መታ እያደረጉ አብረዋቸው ይበሉ። መንዙማ ለለመደ የወሎ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም። ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ይሁንና ከዓመት በኋላም አዲስ ቃል ሊመጣ ይችላል።

ጠያቂዎችን ገና በር ላይ «ይገባቸዋል፤ ለመመለስ ግን ጊዜ ይፈልጋሉ» ይበሏቸው። ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ፤ የአሥር ሰው ወሬ ያደናግራቸዋል። እርስዎም «ልመልስልዎት?» ብለው ሳያስፈቅዱ አይመልሱ።

ልቅሶው ሁለት ሳምንት ከዘለቀና ምግብና እንቅልፍ ከከለከላቸው ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ከስትሮክ በኋላ የመንፈስ ጭንቀት የተለመደ ነው፣ ሕክምናም አለው። ፊታቸው በድንገት ከተጣመመ ወይም ሌላው እጃቸው ከዛለ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ውሃ ሲጠጡ ትን የሚላቸው ከሆነም ሐኪም ይያቸው፤ እስከዚያ ድረስ ተጋድመው ሳሉ ምንም እንዳይጠጡ።