ልጄን ጠበኛ ያደረገው ጌሙ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክፍሉን ዘግቶ ተኩስና ግድያ ያለባቸውን ጌሞች ሲጫወት ያመሻል፤ የሚያየውም ፊልም ደም የበዛበት ነው። ድሮ ዝምተኛ ነበር፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ትንሹም ትልቁም ያስቆጣዋል። ስልኩን ስቀማው በሩን በእርግጫ ሰብሮታል፣ ታናሽ ወንድሙንም ገፍትሮ ጥሎታል። ትምህርት ቤት የሚያሾፉበት ልጆች እንዳሉ ነግሮኝ «አንድ ቀን የእጃቸውን ያገኛሉ» ብሎኝ ነበር፤ ንዴት ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲረጋጋልኝ ለእኔ ከታዘዘልኝ ዲያዜፓም ግማሽ ፍሬ ማታ ማታ ሳያውቅ በሻይ መስጠት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ እንዲያውም ብሶበታል። ዘመዶቼ «ጌሙ ነፍሰ ገዳይ ያደርገዋል» ይሉኛል። የወጣቶች ጠበኝነት በእርግጥ ከጌምና ከፊልም የመጣ ነው? ብከለክለው ይተወዋል? ታናሹ 6 ዓመቱ ነው፤ እርሱም አጠገቡ ተቀምጦ ያያል።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ጌምና ስለ ፊልም ቢሆንም፣ እንቅልፍ የነሣዎት ግን «ልጄ አንድ ቀን ሰው ይጎዳ ይሆን? ስልኩን የገዛሁለትስ እኔ አይደለሁም ወይ?» የሚለው ሐሳብ እንደሆነ ከደብዳቤዎ ይታየኛል። ስለዚህ አስቀድሜ እርሱን ልመልስ። ተኩስና ግድያ ያለባቸውን ጌሞች የሚጫወቱ ወጣቶች በዓለም ላይ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ እጅግ የሚበዙት በማንም ላይ ከባድ ጉዳት ሳያደርሱ አድገው የራሳቸውን ኑሮ ይመሠርታሉ። ስልክ ስለገዙለት ነፍሰ ገዳይ አላሳደጉም። ዘመዶችዎ የሚናገሩት ከመጨነቅ የተነሣ ነው ብዬ ባስብም፣ በማስረጃ የሚደገፍ አይደለም።

ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት፣ ወጣቶችን በጊዜ ሂደት የተከታተሉ 24 ጥናቶችን አሰባስቦ ከ17,000 በላይ ተሳታፊዎችን ሲመረምር፣ ጥቃት የበዛበት ጌም በሚያዘወትሩት ልጆች ላይ እንደ መማታት ያለው ጠባይ ከጊዜ በኋላ በጥቂቱ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 14 እና 15 ዓመት የሆናቸውን 1,000 ያህል የብሪታንያ ልጆች፣ የወላጆቻቸውን ምስክርነት ጨምረው ሲያጠኑ፣ በጌሙና በልጆቹ ጠበኝነት መካከል ግንኙነት አላገኙም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ጌሙ ከጠበኛ ጠባይ ጋር እንደሚያያዝ የገለጸ ሲሆን፣ በ2020 አቋሙን ሲያሻሽል ግን ከባድ ጥቃትን በጌም ማመካኘት ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አስጠንቅቋል። እኔ ከዚህ ሁሉ የምረዳው፣ ጌሙ በቁጡ ልጅ ላይ ጥቂት ቁጣ ሊጨምር ቢችልም ሰላማዊውን ልጅ ገዳይ እንደማያደርገው ነው። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ጌም እጅግ ከሚዘወተርባቸው አገሮች መካከል ሆነው ሳለ የነፍስ ግድያ ቁጥራቸው በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ይመደባል። (ክሱም አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ሴኔት በሥዕል የሚተረኩ የልጆች መጽሔቶች ወጣቱን ወንጀለኛ እያደረጉት ነው በሚል ምስክሮችን ሰምቶ ነበር። ዛሬ እነዚያን መጽሔቶች የሚፈራ ወላጅ አላጋጠመኝም።)

እንግዲህ ወደ ልጅዎ እንመለስ። ዝምተኛ የነበረ ልጅ ካለፈው ዓመት ወዲህ ተለወጠ ብለውኛል፤ መጠየቅ ያለበት ባለፈው ዓመት ምን ሆነ የሚለው ነው። አዋቂ ሰው በድባቴ ሲያዝ ብዙ ጊዜ ያዝናል፣ ያለቅሳል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ግን ድባቴው በቁጣና በመነጫነጭ ሊገለጥ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ሕመሙ ጥጋብ ይመስላል። በእኩዮቹ የሚዋረድ ልጅ የሚያሸንፍበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ጌሙ ውስጥ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ክፍሉን ዘግቶ መቀመጡ የችግሩ መነሻ ሳይሆን ከችግሩ መሸሸጊያ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ቤት ውስጥ የሚመታ ሰው አለ ወይ? ትልልቆች ሲጣሉ እያየ ነው ወይ? ይህን የምጠይቅዎት ልወቅስዎት ፈልጌ አይደለም፤ ዱላ የቀመሰ፣ ወይም በቤቱ ዱላ ሲሰነዘር እያየ ያደገ ልጅ ወደ ጠበኝነት የማዘንበሉ ነገር ከጌሙ ይልቅ በጠነከረ ማስረጃ የተረጋገጠ ስለሆነ ነው። እንቅልፉንም ይመልከቱ። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል፤ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ይዞ የሚያመሽና በጠዋት የሚቀሰቀስ ልጅ፣ ምንም ቢጫወት ምን፣ በማግስቱ ቁጡ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ቅር ቢያሰኝዎትም መጻፍ አለብኝ። ለእርስዎ የታዘዘውን ዲያዜፓም ለልጅዎ፣ ያውም ሳያውቅ፣ መስጠትዎ ትልቅ ስህተት ነው። የእናትነት ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ድርጊቱን ግን ትክክል አያደርገውም። ይህ መድኃኒት አብዛኛውን ሰው ቢያረጋጋም በአንዳንድ ልጆችና ወጣቶች ላይ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ያቁነጠንጣል፣ ያስቆጣል፣ ራስን መቆጣጠርን ያላላል። «ብሶበታል» ሲሉኝ ጌሙን ከመጠርጠሬ በፊት የጠረጠርኩት ሻዩን ነው። ከአልኮል ወይም ከጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ትንፋሽን እስከ ማዳከም ይደርሳል፤ የ14 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ምን እንደሚቀምስ እናት ሁልጊዜ አታውቅም። በምንም ምክንያት መጠኑን አይጨምሩ። ደንግጠውም ዛሬውኑ በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡት፤ ለሳምንታት በየቀኑ የተወሰደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቆም እንቅልፍ ማጣትን፣ ጭንቀትን፣ አልፎ አልፎም የሚጥል መንቀጥቀጥን ሊያመጣ ስለሚችል፣ አወጣጡን የሚወስነው ሐኪም ነው። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ መጠኑንና ጊዜውንም ሳይቀንሱ ይናገሩ። የቀረውን ፍሬ በቁልፍ ይዝጉበት። ልጅዎም እውነቱን ከእርስዎ አፍ ይስማ፤ በሻዩ መድኃኒት እንደሚገባ በራሱ የደረሰበት ዕለት የሚነግርዎት ነገር አይኖርም፤ አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግዎት የእርሱ መናገር ነው።

ይህን የምለው በደብዳቤዎ መካከል በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላለፉት ጉዳይ ነው፤ «አንድ ቀን የእጃቸውን ያገኛሉ» ስላለዎት። ስለ ጌሙ ብዙ መስመር ጽፈው ይህን በንዴት አሳብበው አለፉት። «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚለው አባባል ብዙ ወላጅን አዘናግቷል፤ የሚዝት ልጅ አያደርገውም የሚባለው እምነት እውነት ቢሆን ኖሮ እኔም በተደሰትኩ። የአሜሪካን ፕሬዚዳንት የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት (ሲክሬት ሰርቪስ) እና የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ዘገባ፣ ከ1974 እስከ 2000 ድረስ በትምህርት ቤቶች የተፈጸሙ 37 ጥቃቶችንና 41 አጥቂዎችን መርምረዋል። ከአጥቂዎቹ መካከል ጥቃት ለበዛባቸው ጌሞች የተለየ ፍላጎት ያሳዩት 12 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 37 በመቶዎቹ ግን ጥቃትን ራሳቸው በጻፉት ግጥም፣ ድርሰትና ማስታወሻ ገልጸውት ነበር። ከአሥር ሰባት ያህሉ በሌሎች እንደተሳደዱ ወይም እንደተጎዱ የሚሰማቸው ነበሩ። 78 በመቶዎቹ ከጥቃቱ በፊት ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል ወይም አስበዋል። ከጥቃቶቹ መካከል ደግሞ በ81 በመቶው ቢያንስ አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ እኩያ ጓደኛ፣ አጥቂው አንድ ነገር እንዳሰበ ወይም እንዳቀደ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ለአዋቂ ሰው ጆሮ አልደረሰም።

አሁን ደግሞ አይደንግጡ። እንዲህ ያሉ ጥቃቶች እጅግ ብርቅ ናቸው፤ የተናደደ ወጣት ደግሞ በሳምንት ብዙ ጊዜ «እገድለዋለሁ» ብሎ በማግስቱ ከዚያው ልጅ ጋር ኳስ ይጫወታል። ልዩነቱ ያለው ዛቻው ዝርዝር ሲኖረው ነው። የሚጎዳውን ልጅ በስም ከጠራ፣ ቀኑንና ቦታውን ከጠቀሰ፣ በምን እንደሚያደርገው ከተናገረ፣ ስለት ወይም የጦር መሣሪያ ከፈለገ ወይም ከያዘ፣ ደጋግሞ በተለይም ረጋ ብሎ ከተናገረው፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ወይም «ከእንግዲህ አታስቸግሩኝም» የመሰለ የስንብት ቃል ከጀመረ፣ ያ ንዴት አይደለም። በዚያን ጊዜ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ብቻውን ሳይተዉት፣ በቤት ያለውን መሣሪያ፣ ስለት፣ መድኃኒትና መርዝ አርቀው፣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት፤ ስም የጠራበት ልጅ ካለም ለትምህርት ቤቱ ወዲያው ይንገሩ። ልጄን አሳልፌ ሰጠሁት ብለው አይጸጸቱ፤ ጥቃት ሳይፈጸም የደረሰ ሰው ልጁንም አድኖታል።

እነዚህ ምልክቶች ካልታዩ የሚቀርዎት መጠየቅ ነው። በሩ በተሰበረ ማግስት ሳይሆን ሁለታችሁም በተረጋጋችሁበት ጊዜ፣ ታናሹ በሌለበት፣ «ያን ቀን የእጃቸውን ያገኛሉ ያልከኝ ከልቤ አልወጣም፤ ምን ማለትህ ነበር?» ይበሉት። ቀጥሎም ራሱን ስለ መጉዳት አስቦ እንደሚያውቅ በግልጽ ይጠይቁት። ጥያቄው ያልነበረ ሐሳብ ያሳድርበታል ብለው የሚፈሩ ብዙ ወላጆች አሉ፤ እንዲህ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይጨምር በተደጋጋሚ ታይቷል። ሲመልስልዎት አይምከሩት፣ አያቋርጡት፣ «ከእኛ ዘመን» ብለው አይጀምሩ። የሚሳለቁበትን ልጆች ጉዳይ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ በቃል የተነገረ ይረሳል። ያለው ምንም ይሁን ምን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። አንድ ዓመት መጠበቅዎ በቂ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከበቂም በላይ ነው።

ብከለክለው ይተወዋል ወይ ላሉት፣ አይመስለኝም። በጨዋታ መካከል ስልኩን መቀማት በር ከማሰበር ያለፈ ውጤት እንደሌለው ራስዎ አይተዋል፤ በድንገት ሁሉንም መከልከል ደግሞ መሸሸጊያውን ብቻ ያሳጣዋል። ሰዓቱን አብራችሁ ወስኑ፣ ሊያበቃ ሲል አስቀድመው ያሳስቡት፣ ስልኩ ሌሊት ከመኝታ ክፍሉ ውጭ ይደር፤ የእርስዎም ጭምር። በጌሞች ላይ የሚታተመውን የዕድሜ ገደብ ያንብቡ፤ 18 የሚል ከሆነ ለ14 ዓመት ልጅ አልተሠራም። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጠው እንዲያሳይዎት ቢጠይቁት፣ ምን እንደሚጫወትና ከማን ጋር እንደሚነጋገር ከዘመዶችዎ ይልቅ በቅርብ ያውቃሉ።

በ6 ዓመቱ ታናሽ ላይ ግን አልደራደርም፤ ከዛሬ ጀምሮ አጠገቡ አይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ1961 የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ታዋቂ ሙከራ፣ አንድ አዋቂ በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ትንንሽ ልጆች እርሱኑ አስመስለው ደብድበዋል፤ በ1963 ድርጊቱን በፊልም ያዩትም እንዲሁ አደረጉ። እርግጥ አሻንጉሊት መምታት ሰው መምታት አይደለም፤ ስለዚህ ከዚህ ሙከራ ተነሥቼ ታናሹ ጠበኛ ይሆናል አልልዎትም። እኔን የሚያሳስበኝ ፍርሃቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በስክሪን ላይ ያየው ደም ሌሊት በቅዠት ሊመለስበት፣ ብቻውን መተኛትም ሊፈራ ይችላል። ታላቅ ወንድሙ ውሳኔውን እንደ ቅጣት እንዳይቆጥረው ምክንያቱን ይንገሩትና የጨዋታው ሰዓት ታናሹ የማያይበት ይሁን። ታናሹንም ለብቻው አድርገው ወንድሙ የገፈተረው ያን ቀን ብቻ ነው ወይስ ሌላም ጊዜ አለ ብለው ይጠይቁት፤ የሚነግርዎትንም ነገ ለሐኪሙ ይናገሩ።