ንጋት ላይ ዱካክ ለምን ይጫነናል?

ጠያቂያችን፣ «ንጋት ላይ ነቅቼ ክፍሉን እያየሁ መጮህ ያቅተኛል፤ ሕልም ነው ወይስ ሌላ?» ላሉት፣ የገጠመዎት ዱካክ የምንለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የእንቅልፍ ተመራማሪዎቹ አሰሪንስኪና ክላይትማን እንደገለጹት፣ በእንቅልፍ ውስጥ ዓይን በቆቡ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ አለ፤ ደማቅ ሕልሞች በብዛት የሚታዩት በዚህ ጊዜ ሲሆን፣ በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተመላለሰ ወደ ንጋት ይረዝማል። አንጎል ታዲያ የሕልሙን ሩጫና ትግል አልጋ ላይ እንዳንፈጽመው ጡንቻዎቻችንን ያስራል፤ አእምሮ ቀድሞ ነቅቶ ይህ ማሰሪያ ሳይፈታ ሲቀር፣ ደረት ላይ ሰው የተቀመጠ እስኪመስል ድረስ የሕልሙ ቅሪት ከእውነተኛው ክፍል ጋር ይደባለቃል። ትንፋሽ ግን አይቆምም። እኔን የሚለቀኝ አንዲት ጣት ለማንቀሳቀስ ስታገል ነው። እንቅልፍ ማጣትና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል፤ ቀን ላይም ድንገተኛ እንቅልፍ የሚጥልዎት ከሆነ ሐኪም ያማክሩ።